«ኖርማል» የተለመደ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ነኝ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪዎቹ እንዲገባቸው ግን በአማርኛ አስረዳለሁ። «ኖርማል ፎርስ»ን (አንድ ገጽ የነካውን ነገር የሚገፋበትን ጉልበት) «የተለመደ ጉልበት» ስላቸው ግራ ይጋባሉ። ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ክብደቱ «ድርጊት»፣ ጠረጴዛው ወደ ላይ መግፋቱ «አጸፋ» ነው ብዬ አስተምሬ ነበር። አንዱ ተነስቶ «ሁልጊዜ እኩል ከሆኑ፣ ሊፍት ሲነሳ ለምን እንከብዳለን?» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ መጀመሪያ ልጁን ያመስግኑልኝ። ጥሩ ቦታ ላይ ነው የያዘዎት።

«ኖርማል»ን ቶሎ እንጨርሰው። ቃሉ የመጣው «ኖርማ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ኖርማ አናጺ ማዕዘን የሚያስተካክልበት መሣሪያ ነው፤ የኛ ግንበኞች ስኳድራ የሚሉት። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ «ከገጹ ጋር 90 ዲግሪ የሚሠራ» ማለት ነው እንጂ ከልማድ ጋር ምንም አያገናኘውም። የሒሳብ መጻሕፍታችን ለዚህ «ቀጤ ነክ» የሚል ቆንጆ ቃል አላቸው። «ቀጤ ነክ ጉልበት» ይበሉት። (ጉልበት የሚሉም ኃይል የሚሉም አሉ። አንዱን ከያዙ ግን እባክዎ መሃል ላይ አይቀይሩት።)

ዋናው ጣጣ «አጸፋ» ላይ ነው። በአማርኛ «አጸፋውን መለሰ» ስንል አንዱ ቀድሞ ነካ፣ ሌላው ቆይቶ መለሰ ማለታችን ነው። ዜናው ላይ «የአጸፋ እርምጃ» ሲባልም እንደዚያው። ፊዚክሱ ውስጥ ግን ቀዳሚና ተከታይ የለም። ኒውተን በ1687 ሦስተኛውን የእንቅስቃሴ ሕጉን በላቲን ሲጽፍ «ድርጊትና አጸፋ» ብሎ ብቻ አልተወውም። ሁለት አካላት እርስ በርስ የሚያደርጉት ሁሌም እኩልና ተቃራኒ ነው ብሎ አክሎበታል። ድንጋይን በጣትህ ብትጫን ጣትህም በድንጋዩ ይጫናል ይላል።

ይህን «እርስ በርስ» ለመናገር አማርኛን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። ተገፋፉ፣ ተሳሳቡ፣ ተደጋገፉ እንላለን። «ተቃቀፉ» ሲባል ማን ቀድሞ አቀፈ ብሎ የሚጠይቅ አለ? ተማሪዎቹ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጫን ያድርጉና ይዩት። መዳፋቸው ላይ መስመር ይቀራል። እነሱ ጠረጴዛውን ሲገፉ ጠረጴዛውም እነሱን ገፍቷል፤ እኩል፣ በዚያው ቅጽበት።

አሁን የድርጊትና የአጸፋን ጥንድ መለያ ዘዴ ልስጥዎት። ሰዋስው ነው። ግሡን አይንኩ፤ ባለቤቱንና ተሳቢውን ብቻ ያቀያይሩ። «ን» ከአንዱ ወደ ሌላው ትዛወራለች።

«መሬት መጽሐፉን ትስባለች።» ሲገለበጥ፦ «መጽሐፉ መሬትን ይስባል።» ይህ ጥንድ ነው።

«ጠረጴዛው መጽሐፉን ይገፋል።» ሲገለበጥ፦ «መጽሐፉ ጠረጴዛውን ይገፋል።» ይህም ጥንድ ነው።

እርስዎ ያጣመሩት ግን ክብደቱን («መሬት መጽሐፉን ትስባለች») ከጠረጴዛው ግፊያ («ጠረጴዛው መጽሐፉን ይገፋል») ጋር ነው። ግሡ ከ«ሳበ» ወደ «ገፋ» ተቀየረ፤ «ን» ደግሞ ሁለቱም ላይ መጽሐፉ ጋ ቁጭ ብላለች። ሁለቱም ጉልበቶች የሚያርፉት በአንድ አካል ላይ ነውና ጥንድ ሊሆኑ አይችሉም።

ታዲያ ለምን እኩል ሆኑ? መጽሐፉ ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ጸጥ ብሎ ስለተቀመጠ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። 2 ኪሎ ቢሆን መሬት በ19.6 ኒውተን (ኒውተን የጉልበት መለኪያ ነው፤ ለአንድ ኪሎ 9.8) ትስበዋለች፣ ጠረጴዛውም በ19.6 ኒውተን ይደግፈዋል። ጠረጴዛውን ያዘንብሉት፤ ቀጤ ነኩ ያንሳል፣ ክብደቱ ግን ያው ነው።

ወደ ሊፍቱ እንምጣ። 60 ኪሎ የሆነ ሰው ውስጡ ቆሟል እንበል። መሬት በ588 ኒውተን ትስበዋለች። ሊፍቱ ሲነሳ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ1 ሜትር በሰከንድ ከጨመረ፣ እሱን ለማፍጠን ተጨማሪ 60 × 1 = 60 ኒውተን ስለሚያስፈልግ ወለሉ ሰውየውን የሚገፋው በ648 ኒውተን ነው። 588 እና 648 እኩል አይደሉም፤ ጥንድ ስላልሆኑ እኩል መሆን የለባቸውም። የወለሉ ጥንድ እግሩ ነው። ወለሉ እግሩን በ648፣ እግሩም ወለሉን በ648። «ከበደኝ» የሚያሰኘው ይህ የወለሉ ግፊያ ነው። የመሬት ስበት አንድም አልጨመረም። ለልጁ እንዲህ ይበሉልኝ።