ፖሉን ለመጨረሻ አቆዪው

«የማኅበራችን አባላት በየቦታው ተበታትነዋል፤ በግሩፕ ተወያይተን እንዴት እንወስን?» ላልሽው እህቴ፣ እኛም እንደናንተው ነን። የትኛው አፕ ይሻላል የሚለውን ተዪው፣ ሰው የለመደው ይበቃል።

1. ከውይይት በፊት ፖል (ግሩፑ ውስጥ ድምፅ መስጫውን) እንዳትከፍቺ። የኛ ሰብሳቢ ያደረገው ይህንኑ ነው። ቢሮ እንቀይር አንቀይር የሚለውን ማታ ለጠፈው። «ይቀየር»፣ «አይቀየር»፣ በቃ። ኪራዩ ስንት ነው? ውሉስ? ምንም የለም። ጠዋት ስንነሳ ተዘግቷል። ምነው ሲባል «አብላጫው ወስኗል» ብሎ ዘጋን። የሌሊት ተረኞቹ ጭራሽ አላዩትም። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ጭቅጭቁ ፈነዳ፣ ቤቱም ቀረ፣ ቀብዱም ቀለጠ። የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘብ ያዧ ናት። «መጀመሪያ ውሉን እንየው» ብላ ጽፋ ነበር። በስቲከርና በ«እንደምን አደራችሁ» ተውጦ ቀረ።

2. ስለዚህ ሐሳቡን፣ ወጪውንና ማብቂያ ቀኑን በአንድ መልእክት ጽፈሽ ፒን አድርጊው፣ ከላይ ተሰክቶ ይታይ። ወደ ውይይቱ ስንመጣ፣ ታይዋን እ.ኤ.አ. በ2015 የኡበርን (በስልክ ታክሲ የሚያስጠራውን ድርጅት) ጉዳይ ሕዝብ በኢንተርኔት ያወያየችበት መሣሪያ ለሰው ሐሳብ መልስ የሚጻፍበት ቁልፍ የለውም። በሰው ሐሳብ ላይ መስማማትሽን ወይም አለመስማማትሽን ትገልጫለሽ፣ ወይ ታልፊዋለሽ። ካልተስማማሽ የራስሽን ሐሳብ ለብቻው ትጽፊያለሽ። እኔ ይህን ወደኛ ግሩፕ አመጣሁት፦ መጀመሪያ ሁሉም የራሱን ሐሳብ ይጽፋል፣ ለማንም መልስ አይሰጥም። እውነቴን ነው፣ ስድቡ ጠፋ! አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ አባላት ረጃጅም ጽሑፍ ይዘው መጡ። ሰብሳቢው «ጊዜ ማባከን ነው» ብሎ ነበር፣ አሁን እሱም በዚሁ ነው የሚሠራው።

3. ፖሉን ስትከፍቺ ቅንብሩን እዪ። ቴሌግራም ላይ ካልቀየርሽው በስተቀር የመራጩ ስም አይታይም። ዋትስአፕ ግን ማን ምን እንደመረጠ ያሳያል፣ ካላጠፋሽው ደግሞ ከአንድ በላይ ያስመርጣል። አንድ ሰው «ይቀየር»ንም «አይቀየር»ንም ሲነካ አይቻለሁ። ገንዘብ ነክ ከሆነ ስም ይታይ፣ ሰው የምትመርጡ ከሆነ ይደበቅ። ሦስተኛ ምርጫም ጨምሪ፦ «መረጃ ይጎድለኛል»። እኛ ጋ ይህ ከበዛ ፖሉ ይሰረዛል፣ ውይይቱ ይቀጥላል።

ዝም ያለውን ተስማማ ብለሽ እንዳትቆጥሪው። ስልኩን ፈልጊና ደውዪለት። የኛዋ ገንዘብ ያዥ አሁን ቀኑ ከማለቁ በፊት ድምፅ ያልሰጡትን በስም እየጠራች ትደውላለች።