መልስ፦ የድልህ ጣሳ ጎኑ ለምን ሽንሽን ሆነ?

«የቲማቲም ድልህ ጣሳ ጎኑ የተሸነሸነው ለጌጥ ነው ወይስ ከእጅ እንዳያመልጥ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም አይደለም። እንዳይጨማደድ ነው።

ድልሁ የሚሞላው ትኩስ እያለ ነው። ታሽጎ ሲቀዘቅዝ ውስጥ የቀረው እንፋሎት ወደ ውሃ ይመለሳል፣ የውስጡም ግፊት ይወርዳል። የውጭው አየር ግን መግፋቱን አይተውም። ባሕር ጠለል ላይ በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ 1 ኪሎ ያህል ይጫናል። ስስና ልሙጥ ቆርቆሮ ይህን አይችልም፣ ጭምድድ ይላል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ጨምረህ፣ ደፍተህ ወዲያው ክደነውና ሲቀዘቅዝ እየው። ባቄላና ሥጋ ደግሞ ከታሸጉ በኋላ 121 ዲግሪ ገደማ በሆነ እንፋሎት ስለሚበስሉ ጣሳቸው የባሰ ፈተና አለበት።

መፍትሔው ከራስህ በላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ቀና ብለህ የቤቶቹን ጣራ እይ! ያው ቆርቆሮ ዝርግ ቢሆን ኖሮ ገና ሲረግጡት ይጎብጥ ነበር። ሽንሽኑ ስሱን ያጠነክረዋል፣ ብረትም ይቆጥባል። ዕዳም አለው፤ ሽንሽን ጣሳ ከላይ ሲደረደርበት ትንሽ ይደክማል። ስለዚህ ጥልቀቱ በልክ ነው።

ለስላሳ መጠጥ ጣሳው ልሙጥ የሆነው ጋዙ ከውስጥ ወጥሮ ስለሚይዘው ነው።

በነገራችን ላይ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ቀለል ይላል። ከቆላ የመጣ የቺፕስ ከረጢት እዚህ የሚነፋው ለዚህ ነው። የምግብ ጣሳ ተነፍቶ ካየህ ግን «ከፍታው ነው» ብለህ እንዳትበላው፣ ጣለው።