መልስ፦ ሜክሲኮዎች «አኦሪታ» ሲሉ መቼ ማለታቸው ነው?

ወንድሜ፣ ሜክሲኳዊው ባልደረባህ «አኦሪታ» ብሎህ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢጠፋ ዋሽቶህ አይደለም። ቃሉ «አኦራ» (አሁን) ላይ ማሳነሻው «ኢታ» («ትንሽዬ» እንደማለት) ተጨምሮበት የመጣ ነው። ሲጻፍ (ahorita) «ኤች» ቢኖረውም በስፓኒሽ ስለማይነበብ «አሆሪታ» አትበል፤ በፈጣን ወሬ ላይ እንዲያውም «ኦሪታ» ብቻ ሆኖ ትሰማዋለህ።

ጊዜውን የሚነግርህ አብሮት ያለው ግስና የድምፁ ርዝመት ነው። «አኦሪታ ቬንጎ» የእኛ ሰው «መጣሁ» ብሎ እንደሚወጣው ነው፤ አምስት ደቂቃም ሁለት ሰዓትም ይሆናል። «ሪ»ዋን ከጎተታት ወንበር ፈልግ። ግሱ ኃላፊ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ «አኦሪታ ዬጎ»፣ «አሁን ገና ደረሰ» ማለት ነው። ለመንገድ ሻጭ «አኦሪታ ኖ፣ ግራሲያስ» («አሁን አይ፣ አመሰግናለሁ») ሲባል ደግሞ ጨዋ እምቢታ እንጂ ተመልሼ እገዛለሁ አይደለም። «አኦሪታ ሚስሞ» ካለህ አሁኑኑ ነው።

ፖርቶ ሪኮና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ስትሄድ ይገለበጣል፤ እዚያ በአብዛኛው «ቆይቶ» ነውና ሥራህን ጥለህ አትሩጥ። ስፔን ውስጥ ብዙም አይባልም፣ «አኦራ ሚስሞ» በል።

ቁርጡን ለማወቅ «አ ኬ ኦራ?» (በስንት ሰዓት?) ብለህ ጠይቅ። ከሰዓት በኋላ «ላስ ትሬስ» («ሦስት ሰዓት») ካለህ በእኛ 9 ሰዓት ነው፤ በ3 ሰዓት እንዳትጠብቀው።