ከፎርሙላው በፊት ሺቱ ላይ መንቀሳቀስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። በአካውንቲንግ ደረጃ 4 ጨርሼ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፌያለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ላለ ፋብሪካ ለስቶር ክለርክነት አመልክቼ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለተግባር ፈተና እንደምጠራ ነግረውኛል። ሲቪዬ ላይ «ኤክሴል እችላለሁ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ግን ስንማር አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው ስለነበር እጄ አልፈታም። ደሴ ሄጄ ኮርስ ልክፈል ወይስ ፎርሙላዎቹን ልሸምድድ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሁለት ሳምንት ይበቃሻል፤ ፎርሙላ በመሸምደድ ካልጨረስሽው። ለክለርክ ቦታ የሚፈትን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተሞላ ፋይል ከፍቶ ነው የሚያቀርብልሽ። ይህን ዕቃ ፈልጊ፣ የመጨረሻውን ገቢ አሳዪኝ፣ ከሥሩ አዲስ መዝግቢ ይልሻል። መልሱን ከማየቱ በፊት እጅሽን ያያል። ሺቱን በማውስ ወደ ታች እየጎተተ የሚፈልግ ሰው ፋይል እንዳልለመደ ወዲያው ያስታውቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳታሰይ ሺቱ ላይ መንቀሳቀስ ብቻ ተለማመጂ።

ፋይሉ ሲከፈት ከላይ በግራ ጥግ ያለችውን ትንሽ ሳጥን እያት። ኔም ቦክስ ትባላለች፤ የትኛው ሴል ላይ፣ ማለትም ከሺቱ ሳጥኖች የትኛዋ ላይ እንዳለሽ የምትነግርሽ እሷ ናት። ትዕዛዝም ትቀበላለች፦ የሴሉን አድራሻ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ ኢንተር ብትዪ፣ ኤ500ም ቢሆን፣ እዚያው ታደርስሻለች። ከጎኗ ያለው ረጅም መስመር ፎርሙላ ባር ነው። ሴሉ ላይ 1,250 ቢታይም ከበስተጀርባው በእጅ የገባ ቁጥር ይሁን ስሌት የምታውቂው እዚህ አይተሽ ነው። የሌላ ሰው ፋይል ላይ አንዲት ፊደል ከመንካትሽ በፊት ይህን መስመር ማየት ልመጂ። ስሌት ላይ ቁጥር ከጻፍሽበት ስሌቱ ይጠፋል፤ በኮንትሮል ዜድ ይመለሳል፣ ሴቭ አድርገሽ ከዘጋሽው በኋላ ግን የለም። ከላይ የተደረደሩትን ትሮች ሁሉ ማወቅ አያስፈልግሽም፤ ሆም፣ ዳታና ቪው ለአሁኑ በቂ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ገቢ ስትመዘግቢ ቀን፣ የዕቃ ስም፣ ብዛት እያልሽ በታብ ወደ ቀኝ ሂጂ፤ መጨረሻው ላይ ኢንተር ስትዪ አንድ ሮው (አግድም ረድፍ) ወርዶ ወደ ጀመርሽበት ኮለም (የቁም ዓምድ) ይመልስሻል። ማውሱን መንካት የለብሽም። ኮንትሮልን ይዘሽ የታች ቀስቱን ስትነኪ ደግሞ የተሞላው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ትደርሻለሽ። መሃል ላይ ባዶ ሴል ካለ ከባዶው በላይ ይቆማል። በዚህ አትናደጂ፤ ያልተመዘገበ ነገር እንዳለ እየጠቆመሽ ነው፣ ለስቶር ሰው ደግሞ ይህ ወርቅ ነው። ከሥር ምንም ከሌለ እስከ መጨረሻው ሮው፣ እስከ 1,048,576 ድረስ ይወስድሻል። ጀማሪ እዚህ ሲደርስ ፋይሉ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል። ኮንትሮልና ሆም ወደ መጀመሪያው ሴል ይመልሱሻል።

ከኮንትሮልና ከታች ቀስቱ ጋር ሺፍትን ጨምረሽ ብትይዢ የሄድሽበት ሁሉ ይመረጣል። የብዛቱን ኮለም በዚህ መንገድ ከመረጥሽ ከስክሪኑ ግርጌ ድምሩ ተጽፎ ታገኛለሽ፤ «ስንት ነው?» ቢሉሽ ያለ ምንም ፎርሙላ መልስ አለሽ። ዕቃ ለመፈለግ ኮንትሮል ኤፍ፣ ከሺት ወደ ሺት ለማለፍ ኮንትሮልና ፔጅ ዳውን። ዝርዝሩ ሲረዝም የኮለሞቹ ርዕስ እንዳይሰወርሽ ከቪው ውስጥ ፍሪዝ ፔንስን ተጠቅመሽ የላይኛውን ሮው እሰሪው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ቀን ላይ ነው። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለሽ ብትጽፊ የፈረንጆቹ የካቲት 30 ስለማይሞላ እንደ ተራ ጽሑፍ በግራ በኩል ያስቀምጠዋል፤ ቢያንስ ይታያል። የሚከፋው ኅዳር 5ን 5/3/2017 ስትዪ ነው፤ ምንም ሳይልሽ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበላል። በቀን ቅደም ተከተል አሰልፊ ስትባዪ ዝርዝሩ ይዘበራረቃል። ፈተናው ላይ መጀመሪያ የምትጠይቂው ጥያቄ «ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ይሁን። በእኛ ከሆነ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ኮለም ለያይተሽ ጻፊ። የስልክ ቁጥርም እንዲሁ፦ ፊት ያለውን ዜሮ ስለሚጥል ኮለሙን አስቀድመሽ ቴክስት አድርጊው። ሴሉ በመሰላል ምልክት ከተሞላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኮለሙ ጠቦ ነው፤ አስፊው።

ለኮርሱ ገንዘብ አታውጪ። የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ደርሰሽ እስክትመለሺ የሚሄደው ሰዓት ኪቦርድ ላይ ቢውል ይሻልሻል፤ የወረቀቱን ነገር ሲኦሲሽ ይሸፍነዋል። ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚማር ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለሽ ላፕቶፑን ማታ ማታ ለምኚ። ኤክሴል ከሌለው ሊብሬኦፊስ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም በነጻ ይጫናል፤ የነገርኩሽ ቁልፎች እዚያም ይሠራሉ። ስልክ ላይ ኤክሴልን ማየት ትችያለሽ፣ እጅ ግን አያፍታታም።

መለማመጃውን ከምታውቂው ነገር ሥሪው፦ የሰፈር ሱቅ ዕቃ፣ ገቢና ወጪ፣ ቀሪ። ሁለት ሦስት መቶ ሮው ይኑረው፣ አለዚያ መሮጫ አይኖርሽም። ተራ ቁጥሩን በእጅ አትልፊበት፤ 1 እና 2ን ጽፈሽ ሁለቱን ምረጪና ከታች በቀኝ ጥግ ያለችውን ትንሽ ነጥብ ወደ ታች ጎትቻት። ከዚያ ሌላ ሰው ሆን ብሎ ጥቂት ሴሎች ያጥፋልሽ፣ አንቺ በቀስቶቹ ፈልገሽ አግኚያቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሰም (መደመሪያ) እና ኢፍ (ሁኔታውን አይቶ መልስ የሚሰጥ) የሚባሉትን ፎርሙላዎች ጨምሪ፤ ከዚያ በላይ ለዚህ ቦታ አያስፈልግም።

ሲቪው ላይ ያለውን «ኤክሴል እችላለሁ» ግን አጥፊው። በምትኩ «የዕቃ ገቢና ወጪ በኤክሴል መመዝገብ፣ መፈለግና ማሰለፍ» ብለሽ ጻፊና አዲሱን ቅጂ ለፈተናው ይዘሽ ሂጂ።