ለወንድ ልጅ ምን ይደረግለታል?

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ልትጠይቀኝ ቤት መጥታ ነበር። በልጅነቷ የማውቃት ናት፤ ዛሬ እሷም የወንድ ልጅ እናት ሆናለች። ማታ ልጇን ካስተኛች በኋላ የሕፃናት ከነቴራ እያስጌጠች ለጎረቤትና ለመሥሪያ ቤት ሰዎች መሸጥ ጀምራለች። «እትዬ፣ ለሴቶቹስ አልቸገረኝም፤ አበባው፣ ቢራቢሮው፣ ዳንቴሉ ሞልቷል። ለወንድ ልጅ ምን ይደረግለታል? ኳስና ቁጥር ብቻ አድርጌ ልተው?» አለችኝ። ስለ ቀለምና ስለ ክር የማውቀውን ነግሬ፣ ቡናዋን አጠጥቼ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ለእሷ ሳልነግራት የቀረውን ይኸው ለሁላችሁም እጽፈዋለሁ።

ጊዜው 1980 ዓ.ም. ነው። ቀን በመንግሥት ልብስ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ማታ ደግሞ ቤቴ በእግር በሚረገጠው ሲንጀሬ የሰፈሩን ሰው ልብስ እሰፋለሁ። ያን ዓመት ብሔራዊ ቡድናችን እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የሴካፋን ዋንጫ ወሰደ። ሬዲዮ ያለበት ቤት ሁሉ ሰው ሞልቶበት የስፖርት ጋዜጠኛውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ይሰማ ነበር። ያን ድምፅ ያልሰማ የዛሬ ወጣት ምን እንደቀረበት አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሰፈራችን ወንዶች ልጆች አላስቀምጥ አሉን። ከካልሲና ከብጣሽ ጨርቅ የተጠቀለለ ኳሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ የታጠበ ነጭ ከነቴራቸውን ይዘው «እትዬ፣ ቁጥር አድርጊልን» እያሉ በሬ ላይ ይሰለፋሉ። ጨርቅ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስኳሩም ሳሙናውም ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር። ከሰው ልብስ የተረፈኝን አረንጓዴና ቀይ ቁርጥራጭ በቁጥር ቅርጽ እየቆረጥኩ ጀርባቸው ላይ እሰፋላቸው ነበር። ገንዘብ አልቀበልም፤ የአንዳንዶቹ እናቶች ቆሎ ወይም ዳቦ ይልኩልኝ ነበር።

ከልጆቹ መካከል አንዱ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ፣ ትምህርት ቤት ገና የጀመረ ልጅ ነበር። ተራው ሲደርስ «አንተስ ስንት ቁጥር?» አልኩት። «ቁጥር አልፈልግም። አውቶቡስ ሥሪልኝ» አለና ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። አንበሳ አውቶቡስ ሥሏል። ቀይና ቢጫ፣ ጎማዎቹ ከመስኮቶቹ ያነሱ፣ በየመስኮቱ አንድ ፊት ያለበት። ሾፌሩ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። በኋለኛው በር ደግሞ ዘንቢል የያዘች ሴት ቆማለች። «ይቺስ ማናት?» ብዬ ስጠይቀው «እናቴ ናት፤ ማታ ስትመጣ» አለኝ። እናቱ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ትሠራ ነበር። ልጁ ሲመሽ ፌርማታው አጠገብ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ እንደሚጠብቃት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በሚያልፍ አውቶቡስ ሁሉ ፊቱ እየበራ፣ እሷ ካልወረደች ደግሞ እየጠወለገ ነው የሚያመሸው።

ያን አውቶቡስ በእጄ ጠለፍኩት። ብዙ ሰርግና ብዙ በዓል ያለፈበት ሥራ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ በፍቅር የሠራሁት ግን የለም። ዙሪያውን በቀይ ክር በሰንሰለት ጥልፍ አወጣሁ፣ ውስጡን በቢጫ ሞላሁት። የከነቴራ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ጥልፉ እንዳይሰበሰብብኝ ከሥሩ ስስ ወረቀት አስገብቼ ነው የጠለፍኩት፤ ሲያልቅ ወረቀቱን በወስፌ ጫፍ እየለቀምኩ አወጣሁት። የልጁን መስመር አላቃናሁትም። ጎማው ትንሽ ከሆነ ትንሽ፣ ሾፌሩ ግዙፍ ከሆነ ግዙፍ። የእናቱን ዘንቢል ግን በሦስት ቀለም ክር አደረግሁት፤ ይህ ከእኔ የተጨመረ ነው። ሲለብሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በሰፈሩ ውስጥ ሲመላለስ ዋለ።

አንድ እሑድ ሲለብሰው ያየሁትን ከነቴራ፣ በሚቀጥለው እሑድ አባቱ አጥፎ ይዞት መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሥራው የተከበረ፣ ለሰው ደራሽ ነበር። «እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ወንድ ልጅ ነው። ጥልፍ የሴት ነው፤ ልጆቹ ይስቁበታል። እባክሽ ፍቺልኝ» አለኝ። የሳቀ ልጅ አልነበረም፤ ኳስ ተጫዋቾቹማ «ለእኔም ሥሪልኝ» እያሉ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ከነቴራውን ተቀብዬ ያን ማታ ፈታሁት።

ጥልፍ ከተለጣጭ ጨርቅ መፍታት ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ክሩን በጀርባው በኩል እየቆረጡ አንድ በአንድ ነው። ልጁ በሩ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አላለቀሰም። የሚወድቀውን ቀይና ቢጫ ክር ከመሬት እየለቀመ መዳፉ ውስጥ ያጠራቅም ነበር። ፈትቼ ስጨርስ መርፌው ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳው ቀርቷል፤ ከነቴራው ላይ በነጠብጣብ ብቻ የተሠራ አውቶቡስ ይታይ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቼ ፌርማታው ላይ ሳየው ቀዳዳዎቹን በሰማያዊ ቢክ አገናኝቷቸዋል። እናቱም በበሩ ላይ ቆማለች። አባቱ ያንን አይቶ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ብዙም ሳይቆዩ ሰፈር ለቀቁ።

ያን ማታ ለአባትየው መናገር የነበረብኝን ቃል ስንት ጊዜ በልቤ ተናግሬዋለሁ። ጋሼ፣ ለፋሲካ የሚለብሱት እጀ ጠባብ ደረቱ ላይ ያለው ምንድን ነው? ጥልፍ አይደለም? የካህናቱ ካባ በወርቅ ክር የሚንቆጠቆጠው በምንድን ነው? ሽሮ ሜዳ ሂዱና ሸማኔዎቹን እዩ፤ ከጋሞ ደጋ የመጡት ዶርዜዎች፣ ጥለቱን ከመወርወሪያው ጋር የሚያወጡት ወንዶች ናቸው። አባት ለልጁ ያስተምረዋል። ጌጥ ወንድን ያሳንሳል የሚለው ከየት እንደመጣብን አላውቅም፤ ከአያቶቻችን ግን አልመጣም።

ለጠየቀችኝ ልጅ መልሴ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ልጁን ጠይቂው። ለወንድ ልጅ የሚሆን ሥዕል የሚባል ነገር የለም፤ ለዚህ ልጅ የሚሆን ሥዕል ነው ያለው። የእንቁጣጣሽ ማለዳ ወንዶች ልጆች በየቤቱ ይዘው የሚመጡትን ሥዕል አስታውሱ። መልአኩ፣ ፀሐዩ፣ አደይ አበባው። አበባ ለወንድ አይሆንም የምትሉ፣ ያንን አበባ ሥሎ በራችሁን ያንኳኳው ማን ነበር? ወንድሜ በልጅነቱ ነሐሴን በሙሉ ቀለም ሲቀባ ይከርም ነበር፤ የመላእክቱ ክንፍ ሁሌም አረንጓዴ ነበር፤ ቀይ ቀለም ቶሎ ስለሚያልቅበት። እነዚያ ወረቀቶች የት ገቡ? አንዱ እንኳ በጨርቅ ላይ ተጠልፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ይኖር ነበር።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ከስልክ ላይ የፈረንጅ ጀግና ታወርዱና ማተሚያ ቤት ወስዳችሁ በሙቀት ታስለጥፋላችሁ፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ልጁም ጥፍሩን አስገብቶ ይልጠዋል። ማተሚያውን ግን አልጠላም። ለጥምቀት ታቦት የሚያጅቡት የሰፈር ወጣቶች አሳትመው የሚለብሱትን ከነቴራ ሳይ ደስ ይለኛል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የታላቁ ሩጫ ከነቴራ በየቤቱ ሲለበስ፣ ሲያልቅም ወለል መወልወያ ሲሆን አይቻለሁ፤ ሰው ልብሱ ላይ የራሱ ታሪክ ሲኖር ይወደዋል ማለት ነው። ልጅም እንደዚያው ነው።

መስፋት አላስተምራችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። የምታበላሹበትን ብቻ ልናገር።

ከነቴራውን ሳታጥቡ አትንኩ። አዲስ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይገባል፤ ጥልፋችሁ ግን አይገባም፤ ያን ጊዜ ሥዕሉ ይጨማደዳል። ነጋዴው ጥጥ ነው ቢላችሁም ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር ነቅላችሁ ለኩሱት። ጥጥ የወረቀት ጭስ ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጉብታ ይሆናል። በማሽን የምትሠሩ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ግዙ፤ ሹሉ መርፌ የጨርቁን ክር እየበጠሰ ያልፋል።

ቀለም የምትቀቡ ከነቴራው ውስጥ ካርቶን አስገቡ፤ አለዚያ ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል። ለቅርጽ ማውጫ የሚሆን አሮጌ የራጅ ፊልም ፈልጉ። በበረኪና ሲዘፈዘፍ ጥቁሩ ይለቅና ጠንካራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይቀርላችኋል፤ በምላጭ ትቆርጡታላችሁ፣ ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል። በተቆረጠው ክፍተት በኩል ቀለሙን በስፖንጅ በጥቂት በጥቂቱ ምቱ እንጂ አታጥለቅልቁት። ተራው አክሪሊክ ብቻውን ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃልም፤ ለጨርቅ የሚሆነውን ማዋሃጃ ጨምሩበት። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ በግልባጩ በካውያ ተኩሱት።

ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ቁልፍና ዶቃ አታድርጉ፤ ነቅሎ ይውጠዋል። አንገት ላይ የሚታሰር ገመድም ለየትኛውም ሕፃን አይሆንም። የጥልፉን ጀርባ ለስላሳ ጨርቅ አልብሱት፤ ብዙ ልጅ ልብሱን የማይወደው ሥዕሉን ጠልቶ ሳይሆን ቋጠሮው ሆዱን እየቧጨረው ነው።

ልጁን ስሙ፣ ወላጁን አትስሙ ልላችሁ ነበር። ግን አባቱ ወይም እናቱ ልብሱን ካልወደዱት ልጁ አይለብሰውም፤ ይህን አይቻለሁ። ስለዚህ መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት ወላጁን አስቀምጡና የልጁን ወረቀት አሳዩት፣ ልጁ ራሱ ያስረዳው። ያን አባት ከልጁ ጋር አስቀምጬ «ይቺ ማናት?» እንዲለው ባደርግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ከዚያም በኋላ ፍቱ የሚል ቢመጣ፣ ከነቴራውን በገንዘባችሁ ግዙትና ሌላ ስጡት እንጂ አትፍቱ።

አንድ ቀረኝ። ልጅ ስለሚያድግ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ከነቴራ ምረጡ፤ ሥዕሉን ደረቱ ላይ ከፍ አድርጉ፤ ሆዱ ላይ ከሆነ በተቀመጠ ቁጥር ይታጠፋል። ከነቴራው ሲጠብበት ሥዕሉን በዙሪያው ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና በአዲሱ ላይ ስፉት። የከነቴራ ጨርቅ ሲቆረጥ ጠርዙ ስለሚጠቀለል መጀመሪያ ከሌላ የማይለጠጥ ጨርቅ ጋር ስፉት፣ ከዚያ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በትንንሽ ስፌት ያዙት።