ኋላው የሚዘል ቡጊ፣ ሰማይ የነካ ቡጊ፣ እና የጎሚስታ አየር
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ነው? እኔና የአጎቴ ልጅ ከአሮጌ ቮልስ ቡጊ ሠርተናል። ቦዲውን አውልቀን ጣልነውና በቱቦ ብረት ፍሬም በየድንለት። ሞተሩ ያው የራሱ ነው። ለኋላው ከዱባይ የሚስተካከል ሾክ አስመጣን። ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ኮረኮንቹ ላይ ስንሞክረው ኋላው እየዘለለ አስቸገረን። ሾኩ ላይ ያለችውን ቁልፍ እስከ መጨረሻ አጠበቅናት። አሁን ጉብታው አንድ ሲሆን ደህና ነው፤ ሲደጋገም ግን ኋላው ዝቅ ዝቅ እያለ ይመጣና ብረት ከብረት ይጋጫል። ሾኩ አይረባም? ሌላ እንግዛ? ፎቶ ልኬያለሁ። (ከሳቢያን)

መልስ፦ ኧረ አቦ፣ ገንዘባችሁን ያዙ! ሾኩ ምንም አልሆነም። የተተከለበት ቦታ ነው ጉዱ።

ፎቶው ላይ መጀመሪያ ያየሁት የላይኛው ጫፍ ወደ መሀል ተጋድሞ መበየዱን ነው፣ በግምት 45 ዲግሪ። ለብየዳ ስለሚመች ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ግን ጎማው 10 ሳንቲሜትር ሲነሳ እንዲህ የተጋደመ ሾክ የሚገፋው 7 ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚገፋ ኃይሉ ያንሳል፣ ያ ያነሰው ኃይል ደግሞ በዚያው በማዘንበሉ ጎማው ጋ ሲደርስ እንደገና ይቀነሳል፤ በድምሩ ቀጥ ብሎ ቢቆም ከሚሠራው ግማሹን ነው የሚሠራው። ኋላው የዘለለውም ለዚህ ነው፤ የሚይዘው አጥቶ።

ከዚያ ቁልፏን አጠበቃችሁ። ባለ አንድ ቁልፍ ሾክ ላይ ቁልፏ አብዛኛውን ጊዜ የምትቆጣጠረው መመለሱን ነው፣ ማለትም ጎማው ከተነሳ በኋላ ወደ ታች የሚዘረጋበትን ፍጥነት። እስከ መጨረሻ ስትጠብቅ ጎማው በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። አንድ ጉብታ ቢሆን ችግር የለውም፣ ጊዜ አለው። ጉብታው ሲደጋገም ግን የመጀመሪያውን ተመልሶ ሳይጨርስ ሁለተኛው ይመጣል፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ ኋላው ተሰብስቦ ተሰብስቦ መጫወቻ ቦታ ያጣል። የሰማችሁት የብረት ድምፅ ያ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ብየዳውን ፍቱ። የላይኛውን ማሰሪያ ወደ ውጭ አውጡት። ሰው ተቀምጦበት መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ሾኩ ከ20 ወይ ከ25 ዲግሪ በላይ ባያጋድል ጥሩ ነው። ብሎኑ በአንድ ወገን ተይዞ እንደ ጣት ወጥቶ እንዳይቀር፤ ግራና ቀኙ ላሜራ ይያዘው፣ አለበለዚያ አንድ ቀን በረሃ ላይ ይታጠፋል። ከመበየዳችሁ በፊት ግን ጎማውን በክሪክ እስከ ላይ አንሱት፣ ከዚያ እስከ ታች ልቀቁት፣ በሁለቱም ጫፍ ሾኩ ትንሽ ትርፍ ሊኖረው ይገባል። ላይ ሲደርስ የሚያቆመው ጎሚኒ ይሁን፣ ታች ሲወርድ ደግሞ ጠንካራ የጨርቅ ቀበቶ። ሾክ ማቆሚያ አይደለም። ማቆሚያ ካደረጋችሁት ወይ ዘንጉ ይጣመማል ወይ ዘይቱን ይተፋል።

አሁን ወደ ቁልፏ። እስከ መጨረሻ አጥብቁና፣ ከዚያ እየፈታችሁ ቀጭ ቀጭ የምትለውን እየቆጠራችሁ መሀል ላይ አድርሷት። ቁጥሩን ጻፉት፤ በቃል የያዘ ሰው ሁለተኛው ሙከራ ላይ ይረሳዋል። አንድ የመንገድ ቁራጭ ምረጡ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየሄዳችሁ ሁለት ሁለት ቀጭ ብቻ ለውጡ። በተደጋጋሚ ጉብታ ላይ ኋላው ዝቅ ካለ ፍቱት፣ ከአንድ ጉብታ በኋላ ቂጡን ካነሳ አጥብቁት። የጎማውን አየር፣ ሾኩንና ቁመቱን በአንድ ቀን ከለወጣችሁ ግን የትኛው እንደሠራ አታውቁም። አየሩን መጀመሪያ ወስኑት፤ ለዚህ ቀላል ለሆነ መኪና አሸዋ ላይ ወደ 15 ፒኤስአይ ማውረድ ጥሩ መነሻ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። በሾኩ ዘንግ ላይ ሽቦ የምናስርባትን ቀጭን ፕላስቲክ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ነድታችሁ ስትመለሱ የቆመችበት ቦታ ሾኩ ስንት እንደተጓዘ ያሳያችኋል፤ ሁሌ ጥግ ከደረሰች ቁመቱ አንሷል፣ ወይ ሾኩ ወደ ላይ ሲሄድ ይለሰልሳል። ሌላው፣ ጥሩ አድርጋችሁ ከነዳችሁ በኋላ ሾኮቹ ላይ ውኃ ጠብ አድርጉ። ሾክ የሚሠራው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት እየለወጠ ስለሆነ፣ ሦስቱ ፍል ሆነው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ የሞተው ቀዝቃዛው ነው። ሰው ግን ሁሌ የጋለውን ነው የሚጠረጥረው! በእጅ አትንኩት፣ በተለይ በኛ ፀሐይ።

እና እባካችሁ፣ ሙከራውን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አታድርጉት። ሰው ይመላለስበታል። በክረምት ደግሞ ከተማው ደረቅ ሆኖ ሳለ ከላይ ከተራራው ጎርፍ ይወርዳል፤ የ1998 ዓ.ም.ን የክረምት ጎርፍ ድሬ ውስጥ ማን ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? የኔም ቡጊ ከቮልስ ነው የተሠራው። ኋላው ግን ሰማይ ነክቷል። ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ከላይ ወደ ውጭ ሆነው ቆመዋል። ደንገጎ ተራራ ላይ መታጠፊያው ያስፈራኛል። አንድ መካኒክ ቶርሽን ባሩን (ያን እየተጠመዘዘ እንደ ስፕሪንግ ኋላውን የሚሸከመውን ዘንግ) አንድ ጥርስ ቢያዞረው ደግሞ መሬት ሊነካ ሆነ። መሀል የለውም እንዴ? (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አለው እንጂ! መፍራትሽም ትክክል ነው። ቮልስ ሙሉ ቦዲ ይዞ ወደ 800 ኪሎ ይጠጋል። ያን ሁሉ ላሜራ አውልቀሽ ስትጥዪለት ቶርሽን ባሩ የሚሸከመው ስለሚያጣ ኋላውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የድሮው ቮልስ የኋላ አክስል ደግሞ ካምቢዮው ጋ ብቻ ስለሚታጠፍ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ጎማው ከታች ወደ ውስጥ ይገባል። እንደዚህ ሆኖ በፍጥነት ስትታጠፊ የውጭው ጎማ ይበልጥ ከሥር ይታጠፍና ኋላውን አንስቶ ሊገለብጥሽ ይችላል። እስኪስተካከል ደንገጎን ተዪው።

መሀሉ የሚገኘው ከዘንጉ ጥርስ ነው። የኋላው ቶርሽን ባር በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። ስለዚህ ውስጡን አንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ ነው፣ ውጩን አንድ ጥርስ ማዞር ደግሞ ከ8 ትንሽ የሚያልፍ። መካኒኩ አንዱን ብቻ ነው ያዞረው፤ ያ ብዙ ነው። ውስጡን አንድ ጥርስ ወደ ታች፣ ውጩን አንድ ጥርስ መልሶ ወደ ላይ ቢያደርገው ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። እንዲህ እያደረገ አንቺ ተቀምጠሽበት፣ ነዳጅ ተሞልቶ፣ ጎማዎቹ ቀጥ እስኪሉ ወይም ከላይ ትንሽ ወደ ውስጥ እስኪያዘነብሉ ያውርደው። ግራና ቀኙን በዲግሪ መለኪያ ያስተያየው፣ በዓይን አይሆንም።

ሥራው ላይ ግን ይጠንቀቅ። ቶርሽን ባሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ክንድ ማረፊያው ላይ ሲቀመጥ ዘንጉ ተጠምዝዞ ነው ያለው። በክሪክ ደግፎ፣ በሰንሰለት አስሮ ቀስ ብሎ ይልቀቀው። እንዲሁ በፌሮ ካላቀቀው እግር ይሰብራል። ሾክሽን መጨረሻ ላይ ነው የምትነኪው፤ ቁመቱ ሲለወጥ የሾኩም መነሻ ስለሚለወጥ አሁን የምታስተካክዪው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

ጥያቄ፦ ሾኬ ጋዝ ያለው ዓይነት ነው። ጋዙ ወጥቷል መሰለኝ፣ ለስልሷል። ጎሚስታ ጋ ሄጄ በአየር ብሞላው ምን ይላሉ? (ከከዚራ)

መልስ፦ ተወው። እዚያ ውስጥ የሚገባው ናይትሮጅን ነው። የኮምፕረሰር አየር እርጥበትና ኦክስጅን ይዞ ስለሚገባ ዘይቱንና ብረቱን ያበላሻል፣ ሲሞቅ ደግሞ ግፊቱ አይታመንም። የዚህ ዓይነት ሾክ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ፒኤስአይ ነው የሚፈልገው፤ የጎማ መሙያው እዚያ አይደርስም። የጎማ መለኪያም አትሰካበት። ጋዝ ያለበት ክፍል ትንሽ ስለሆነ ስትለካው ራሱ ይወርዳል። የናይትሮጅን ሲሊንደርና የግፊት መቆጣጠሪያ ያለው ቤት ፈልግ፣ ከመሞላቱ በፊት ደግሞ ጋዙ በየት እንደወጣ ይታይልህ። የሾኩ ዘንግ ላይ ዘይት ካየህ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል፤ እሱ ሳይቀየር ጋዝ መሙላት ብር ማባከን ነው።