የዳሽቦርድ መብራት በኤልኢዲ ይቀየር ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምነዳው የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ማታ ማታ የዳሽቦርዱ ግማሽ ይጨልማል፣ ፍጥነቴን በግምት ነው የምነዳው። በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው ይበራል፣ ጉድጓድ ስገባ ደግሞ ድርግም። አምፖሉን አስቀይሬ ነበር፣ ለውጥ የለውም። አሁን ሶማሌ ተራ ሰማያዊ ኤልኢዲ አለ፣ እሱን ካስገባህ ዕድሜ ልክህን አትነካውም አሉኝ። ልግዛ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የተቃጠለ አምፖል ብትደበድበውም አይበራም። መታ ሲያደርጉት የሚበራ ከሆነ ጣጣው ኮንታክት ነው፣ አምፖሉ ከመስመሩ ጋር የሚነካካበት ቦታ ማለት ነው። ይሄን ሳታስተካክል ውዱን ኤልኢዲ ብታስገባም ያው ቦግ እልም ማለቱን ይቀጥላል፣ ገንዘብህን ነው የምትጨርሰው።

መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፍታ። ከዚያ የዳሽቦርዱን ክፈፍ በካቻቢቴ ፈትተህ ሳጥኑን ወደ ራስህ ሳብ አድርግ፣ ግን ቀስ በል፣ ከጀርባው የኪሎሜትር ገመድ ተሰክቷል፤ እሱን ሳትነቅል ጎትተህ ብትበጥሰው ሌላ ወጪ ነው። ሳጥኑን ስትገለብጠው እንደ ፊልም የሳሳ ፕላስቲክ ላይ የመዳብ መስመሮች ታያለህ። አምፖሎቹ በትንንሽ መያዣ ተደርገው ሩብ ዙር ሲዞሩ ይወጣሉ። መያዣው መዳቡን የሚነካበት ቦታ ጠቁሮ ታገኘዋለህ። የእርሳስ ላጲስ ውሰድና እስኪያብለጨልጭ ድረስ በቀስታ ፈግፍገው። በቢላ አትፋቀው፣ መዳቡ ስስ ነው፣ ይላጣል። የመያዣውንም ጆሮዎች ትንሽ ቀና አድርጋቸው። አንዳንዴ እዚሁ ላይ ነገሩ ያልቃል፣ አምፖል መግዛትም አያስፈልግም።

አይ፣ ኤልኢዲ ማስገባቴ አይቀርም ካልክ ግን እሺ፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ሙቀቱ ትንሽ ነው፣ ንቅንቅታም ይችላል። አሮጌውን አምፖል ይዘህ ሂድና አስለካ። ትልቁ ብዙውን ጊዜ ቲ10 ነው፣ ትንሹ ቲ5። አንዱ በአንዱ ቦታ አይገባም።

ሰማያዊውን ግን ተወው። ማታ ዓይን ይወጋል፣ ረጅም መንገድ ላይ ያደክማል። ደግሞ ብዙ አሮጌ ዳሽቦርድ ውስጥ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ አለ፤ ከማጣሪያው ጋር የማይሄድ ቀለም ካስገባህበት (ለምሳሌ በአረንጓዴው ላይ ቀይ) ብርሃኑ ታፍኖ ይቀራል። ነጭ፣ በተለይ ሞቅ ያለውን ነጭ ውሰድ። ሌላው፣ አሮጌው አምፖል ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትናል፣ ርካሹ ኤልኢዲ ግን ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚያበራው፤ አንድ ቁጥር ቦግ ብሎ ጎረቤቱ ይጨልማል። ጎን ለጎኑም ቺፕ ያለው ምረጥ።

ዕድሜውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። መኪናህ 12 ቮልት ይባል እንጂ ሞተሩ ሲነሳ ወደ 14 ይጠጋል። አንዲት ሬዚስተር (ከረንት የምትቀንስ ትንሽ ዕቃ) ብቻ ያላት ርካሽ ኤልኢዲ እዚያ ላይ ትግላለች፣ ትደክማለች፣ መጥፋት መብራት ትጀምራለች። ከረንቱን የሚቆጣጠር ሰርኪዩት ያለው ይሻላል፣ ሻጩን ጠይቀው። «ኦሪጅናል ነው» ብቻ ካለህ መልስ አልሰጠህም።

ሁሉንም ከመዝጋትህ በፊት ባትሪውን መልሰህ ሞክረው። ያልበራ ካለ ገልብጠህ ሰካው፤ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ይለያል። የብርሃን መቀነሻው እንደ ድሮው ላይታዘዝህ ይችላል፣ ስለዚህ በጣም የሚያበራውን አትሽቀዳደም።

ጥያቄ፦ ቮልሴ ላይ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ በአልተርኔተር ተቀይሯል። ባለፈው ወር የዳሽቦርዱን መብራቶች በሙሉ በኤልኢዲ አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ ጠዋት አይነሳም። ኤሌክትሪሺያኑ አልተርኔተሩ ሞቷል፣ ይቀየር አለኝ። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አልተርኔተሩን ከመግዛትሽ በፊት ቀዩን የባትሪ መብራት አስነቅይና የድሮውን አምፖል አስመልሺ። ቁልፍ ስትከፍቺ የምትበራው ይቺ ቀይ መብራት በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ጌጥ አይደለችም። አልተርኔተሩ ማመንጨት እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው ከረንት የሚያልፈው በእሷ ውስጥ ነው። የክር አምፖል እንደ ዋቱ ከ0.1 እስከ 0.25 አምፔር ያህል ያሳልፋል፣ ኤልኢዲ ግን 0.02 አካባቢ። ይሄ አይበቃም፤ አልተርኔተሩ ሳይነቃ ይቀራል ወይም ነዳጅ አጥብቀሽ ስትረግጪ ብቻ ይነሳል። ተገልብጣ ተሰክታ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታሳልፍም። የክር አምፖል ገብቶ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ ካነበበ አልተርኔተርሽ ደህና ነው፣ ኤሌክትሪሺያኑም ይረፍ።

ለሌሎቻችሁም፦ ለዳሽቦርዱ ብርሃን የሚሰጡትን አምፖሎች ቀይሩ፣ የባትሪውንና የኤርባጉን ማስጠንቀቂያ መብራት ግን አትንኩ። ዳሽቦርዱ ላይ ለግራም ለቀኝም አንድ የፍሬቻ መብራት ብቻ ያላቸው አንዳንድ አሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ ተራ ኤልኢዲ በአንዱ በኩል ብቻ ይበራል፣ በሁለቱም በኩል የሚሠራውን ግዙ።

ጥያቄ፦ የኔ የ2012 ስሪት ነው፣ እኔም ልቀይር? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ዳሽቦርዱ ከጀርባው የሚዞር የአምፖል መያዣ ከሌለው በውስጡ ያለው ቀድሞውኑ ቦርዱ ላይ የተበየደ ኤልኢዲ ነው። ከጠፋ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ፈልግ። ሳልቬጅ (ከሌላ መኪና የተነቀለ) ዳሽቦርድ ገዝተህ እገጥማለሁ እንዳትል ብቻ፣ በብዙዎቹ ላይ የተነዳው ኪሎሜትር የሚቀመጠው እዚያው ቦርዱ ላይ ስለሆነ የሌላ ሰው መኪና ኪሎሜትር ይዞ ይመጣል፣ ስትሸጥ ከገዢ ጋር ያነታርክሃል።